የቅጣቱ ገንዘብ ሲበዛ

ልጆቼ፣

እኔ ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር ነኝ። 34 ዓመት የሰው ሌጀር ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ደሴ፣ ሐረር፣ ጅማ፣ አርባ ምንጭ፣ ነገሌ ቦረና፤ ደረሰኝ ባለበት ሁሉ ሄጃለሁ። ሥራው አንድ መጥፎ ልማድ አስያዘኝ። ቁጥር ሳይ አላምንም። "ይሄ ከየት መጣ?" እላለሁ። ባለቤቴ የሽንኩርት ዋጋ ስትነግረኝ እንኳን እጠይቃለሁ። በዚህ የተነሳ ገበያ አብሬያት እንዳልሄድ ተከልክያለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ የሰፈሬ ሰዎች "አንተ ሒሳብ ታውቃለህ" ብለው የእድራችን ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። እድር ውስጥ እምቢታም ያስቀጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰኔ 30 ላይ ሒሳብ ዘጋሁ። ካዝናችን እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ አይቶት የማያውቀውን ገንዘብ ይዟል። ሪፖርቱን ሳነብ ጉባኤው አጨበጨበ። እኔ ግን እንደ ልማዴ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ቀድሜ አይቼ ነበር። ወርሃዊ መዋጮው ያው ነው። አዲስ አባልም ብዙ አልገባም። ያበጠው አንድ መስመር ነው፤ "ከቅጣት የተሰበሰበ" የሚለው። ቀብር ያልወጣ፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ፣ ለቅሶ ቤት ያልተቀመጠ ሰው የሚከፍላት ናት። ሰዉ ቅጣቱን በቴሌብር እየላከ ከቤቱ ቀርቷል ማለት ነው።

በዚያው ክረምት አንዲት ባልቴት ሞቱብን። ድንኳኑ ከመጋዘን መውጣት አለበት። ብረቱ ከባድ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ወንድ ይፈልጋል። ተሰብስበን ብንቆጠር አራት ሆንን። ከአራታችን ሁለታችን ወገባችንን እንታመማለን። መንገድ ወጥቼ ሁለት ሊስትሮዎች ለመንኩ። ልጆቹ ዕቃቸውን ጥግ አስቀምጠው ተሸከሙልን። ብር ሞልቶን ትከሻ አጣን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚያች መስመር ምክንያት ነው።

ከእናንተ መሀል ቤቴ እየመጣችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። "ጋሼ፣ ይህች አገር ይህን ሁሉ ቋንቋና ሃይማኖት ይዛ እንዴት አንድ ላይ ትቆያለች?" ትሉኛላችሁ። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ነበር። ከግማሽ የሚያልፍ የለም። ቋንቋውም ከ80 ይበልጣል።

ቴሌቪዥን ብትከፍቱ መልሱ ዝግጁ ነው፤ "መቻቻል" ይላችኋል። እኔ ይህን ቃል ወድጄው አላውቅም። ሰው የሚችለው የጥርስ ሕመም ነው። የሚችለው ጠባብ ጫማ ነው። ጎረቤቴ "ችዬሃለሁ" ቢለኝ ቅር ይለኛል፤ ምን አድርጌው ነው?

"ፍቅር" የሚሉም አሉ። ፍቅር ጥሩ ነገር ነው። ግን በጀት አይያዝበትም። ዛሬ አለ፣ ነገ የለም።

እኔ እስካየሁት ድረስ አብሮ የሚያቆየን ግዴታ ነው። የተጻፈ፣ ስም የሚጠራበት፣ የቀረ የሚቀጣበት ግዴታ። ደረቅ መልስ እንደሆነ አውቃለሁ። እስቲ ላስረዳችሁ።

እድራችን ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ሐጂ ናቸው፤ ሌላው ጡረተኛ መቶ አለቃ። በአጥር ተካሰው ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ይኸው ስምንት ዓመታቸው። ሰላምታ የላቸውም። የሐጂ እናት የሞቱ ዕለት መቶ አለቃው ገና ጎሕ ሲቀድ መጥተው ድንኳን ተከሉ። ጀናዛው ሲወጣ ተከትለው እስከ መቃብሩ ሄዱ። ሲሰገድ ከእኛ ጋር ዳር ቆሙ። ከዚያ ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ተቀመጡ። ሐጂን ግን አንድ ቃል አላናገሩም። ቆይቼ "ታዲያ ለምን መጡ?" ብላቸው፣ "ስሜ ይጠራላ!" አሉኝ ተቆጥተው።

እዚህ ላይ "ከዚያ በኋላ ታረቁ" ብዬ ብጨርስ ደስ ይላችሁ ነበር። አልታረቁም። ባለፈው ወርም ቀጠሮ ነበራቸው። ግን የመቶ አለቃው ባለቤት ሲሞቱ ሐጂ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ጠብቀዋል። ሰው ተጣልቶም የሚቀባበር ከሆነ ሰፈሩ ቶሎ አይፈርስም።

አሁን ደግሞ ድስት ላሳያችሁ። የእድራችን መጋዘን ውስጥ ሁለት መደርደሪያ አለ። በአንደኛው ያሉት ድስቶችና ጭልፋዎች እጀታቸው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። የሌላኛው አልተቀባም። አረንጓዴዎቹ የሙስሊሙ ሥጋ የሚሠራባቸው ናቸው። ድግስ ሲኖር አራጁም፣ ቢላዋውም፣ ድስቱም ለየብቻ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የሰፈራችን ልጅ ይህን አይቶ ተናደደ። "በዚህ ዘመን ድስት በሃይማኖት ይለያል? ይሄ እኮ መከፋፈል ነው!" አለ። ሴቶቹ ሳቁበት። የሴቶች እድር ሊቀመንበሯ ሽንኩርት እየላጡ፣ "የኔ ልጅ፣ ይቺ ቀለም ባትኖር ድንኳኑ ሁለት ይሆን ነበር" አሉት።

ነገሩ ገብቷቸዋል። ምድጃዎቹ ጎን ለጎን የሆኑት ድስቱ ስለተለየ ነው። አንዷ ሌላዋን "ቅመሺ፣ ምን አለበት" ብላ አታስጨንቅም። የጾሙን ወጥ አብረው ይሠራሉ፣ ሐሜቱንም አብረው ያማሉ። ሰው ሳይሰጋ አጠገባችሁ የሚቀመጠው የሚጠነቀቅለትን ነገር እንደማትነኩበት ሲያውቅ ነው። ልዩነትን እንዳላየ ማለፍ ጨዋነት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ልዩነቱን አይቶ፣ ጽፎ፣ ቀለም የቀባለትን ሰው ይበልጥ አምነዋለሁ።

ደንባችንም እንዲሁ ነው የተስተካከለው። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም። የሰፈራችን የክርስቲያን ቀብር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ9 ሰዓት ነው። ድሮ ደንቡ የተጻፈው በ9 ሰዓቱ ቀብር ልክ ነበር፤ "አባላት በ8 ሰዓት ይገኛሉ" ይላል። ሙስሊም አባል ሌሊት ሲሞት ሰው የሚደርሰው አፈር ከለበሰ በኋላ ሆነ። አንድ አዛውንት ጉባኤ ላይ ብድግ ብለው "እኔ እኩል አዋጣለሁ፤ እኩል ግን አልቀበርም" አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያው ቀን ደንቡ ተሻሻለ። ለሙስሊም ቀብር ጡሩምባ ነፊው ሌሊትም ቢሆን እንዲወጣ ተወሰነ። የተጨመረው አራት መስመር ነው። ቃለ ጉባኤው እኔ ጋ አለ።

ያን ንግግር ስሰማ ወጣትነቴ ትዝ አለኝ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የኮሜርስ ተማሪ ነበርኩ። የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ከተማው በሰው ተጥለቀለቀ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ሄድኩ። ግማሹ ለዓላማው፣ ግማሹ ከክፍል ለመቅረት ነበር፤ አልዋሻችሁም። የሰልፈኛው ጥያቄ ግን ያው የአዛውንቱ ጥያቄ ነው። "አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው" የሚለውን የጃንሆይ አባባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ያማረ አባባል ነው። ሆኖም የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አስቀምጧል። ሙስሊሙ ይገብራል፣ ይዘምታል፤ በዓሉ ግን ከብሔራዊ በዓላት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገቡት ደርግ ከመጣ በኋላ ነው። ደርግን ላመሰግን አልተነሣሁም፤ የመዝገቡ ሌላው ገጽ ደም ነው። ግን ይህን ጽፏል፤ የጻፈውን ጻፈ እላለሁ።

በእኛ ሙያ አንድ የታወቀ ማጭበርበሪያ አለ። ሒሳቡ የተስተካከለ እንዲመስል ዕዳውን አለመመዝገብ። ሚዛኑ እኩል ይመጣል፣ አለቃ ይፈርማል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። "ድሮ እኮ ተከባብረን ነበር የምንኖረው" ሲባል ስሰማ ያ ሒሳብ ትዝ ይለኛል። አዎ፣ ተከባብረን ኖረናል። አንዳንዱ ግን ዕዳውን ሳያስመዘግብ ዝም ብሎ ነው የኖረው።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። በደቡብ በኩል አንድ የወረዳ ገንዘብ ቤት ኦዲት ሳደርግ ሦስት የግብር ደረሰኞች አጠራጠሩኝ። መሬቱ አንድ ነው፣ የከፋዩ ስም ግን ሦስት ዓይነት። ሌብነት አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ፤ ኦዲተር ሌብነት ሲያገኝ ይደሰታል። ሰውየው ተጠርተው መጡ። የኦሮሞ ሽማግሌ ናቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈዋል። ሦስቱም እሳቸው ነበሩ። ደረሰኝ ቆራጩ ኦሮምኛ አያውቅም፤ በየዓመቱ ስማቸውን እንደመሰለው ጽፎታል። ደረሰኝ ቆራጩን "ለምን ጠይቀህ አትጽፍም?" ብዬ ስጠይቀው "ስማቸው ይከብዳል" አለኝ። ሽማግሌው በአስተርጓሚ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ገንዘቤ አልከበደውም" አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለመንግሥት ከፍለው በመንግሥት መዝገብ ላይ የሉም። ያ ሰው አገሩን እንዴት አገሬ ይበል?

ስለዚህ ከእኔ ምክር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከአፍ መፍቻችሁ ሌላ አንድ የአገራችሁን ቋንቋ ቢያንስ የሰው ስም አስተካክላችሁ እስክትጽፉ ድረስ ተማሩ። ከእንግሊዝኛው አይከብድም።

ወሎን እንደ ምሳሌ እየሰማችሁ ነው ያደጋችሁት። እኔ ደሴ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። የሚባለው እውነት ነው። አንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ መሐመድም ገብረ ማርያምም አለ። ሠርግ ላይ ሁለት ዳስ ይጣላል። እድሩን "ቅሬ" ይሉታል። ከቅሬ የተባረረ ሰው፣ ሰው ሆኖ መኖር ይከብደዋል። ጠብ ሲያይል ደግሞ አበጋር የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አላቸው። ሐረር ስሄድም "አፎቻ" የሚሉትን አየሁ፤ ቀብሩም ሠርጉም በእሱ ነው። ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ታዲያ ወሎ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አደረጉ፤ የወሎ ሙስሊም መኳንንትም እንዲጠመቁ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። እምቢ ያለው ሸፈተ፣ ተሰደደ፣ ሞተም። ያ ሁሉ በሆነበት አገር ነው ሁለት ዳስ የሚጣለው። ወሎዬ ጠብ ምን እንደሆነ በደንብ ያውቃል። ለዚህ ይመስለኛል ሥርዓቱን አጥብቆ የያዘው።

የእኔ ዘመን ሰው የዩጎዝላቪያውን መሪ ቲቶንም ያውቃል፤ ዩጎዝላቪያ ብዙ ብሔርና ሃይማኖት የነበራት፣ ዛሬ የሌለች አገር ናት። የጃንሆይ ወዳጅ ነበር፤ አዲስ አበባም መጥቷል። የዩጎዝላቪያ መፈክር "ወንድማማችነትና አንድነት" ነበር። ከስሎቬኒያ እስከ መቄዶንያ የሚዘልቀውን ትልቁን አውራ ጎዳና እንኳ በዚሁ ስም ጠሩት። ቲቶ በእኛ አቆጣጠር በ1972 ሞተ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ አገሩ ሲፈርስ፣ የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ ተከበበች፤ ከበባው እስከ 1988 ቆየ። መስጊዱ፣ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የካቶሊኩ ካቴድራልና ምኩራቡ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚራራቁባት ከተማ ናት።

ይህ የእኔንም ሐሳብ ያናጋዋል፤ አልደብቃችሁም። ሳራዬቮ ውስጥም ጎረቤት ቡና ይጠራራ ነበር። እድር መድፍ አያቆምም። ከላይ ያለው ሕግ ሲያደላ፣ መሣሪያ የያዘው ሰው ስም ዝርዝር ይዞ በየቤቱ ሲዞር፣ ሰፈር ብቻውን የሚያደርገው ትንሽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያስከብራል። ጥሩ አንቀጾች ናቸው። ግን የእድራችን ደንብም ያ አዛውንት እስኪነሡ ድረስ ጥሩ ደንብ ይመስለን ነበር። በአገርም ደረጃ "እኩል አልቀበርም" የሚል ሰው ሲነሣ ቤቱ ጸጥ ማለት አለበት። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ጩኸት ነው።

በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጠቡ የተነሣው በአንድ ሼህ ቀብር ላይ ነበር። ከ20 በላይ ሰው ሞተ። በቀናት ውስጥ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ቀብር ላይ! እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የመጨረሻው የምንገናኝበት ቦታ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

በዚያ ሳምንት የልጅ ልጄ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ሰው ይሮጣል፣ ጭስ አለ፣ ይጮኻል። ለአርባ ሰው ልኮታል። "ይሄ ከየት መጣ?" አልኩት። ጓደኛው ልኮለት ነው። ጓደኛውን ደወልን፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው። ያንን ደወልን፤ ከግሩፕ ነው። ግሩፑን የከፈተው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንለዋለን እኛ። ከዚያ ጎንደር የሚኖር የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ደወልኩ። የነገረን ነገር ቪዲዮው ውስጥ ያለው አልነበረም። የልጅ ልጄ ለአርባውም ተሳስቻለሁ ብሎ ጻፈ። መልስ የሰጡት ሦስት ናቸው።

እና እያንዳንዳችሁ በሌላ ከተማ፣ ከሌላ ሃይማኖት የሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውላችሁ "እውነት ነው ወይ?" የምትሉት ሰው ይኑራችሁ። ይህ ጓደኛ የሚገኘው በዓውደ ጥናት አይደለም። አብሮ ሲያጠኑ፣ አብሮ እቁብ ሲጥሉ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ሲሆን ነው። እቁብ ላይ ዋስ የሆነላችሁን ሰው ሃይማኖቱን ሳይሆን አድራሻውን ነው የምታጠኑት።

የእህቴ ልጅ ቤይሩት የቤት ሠራተኛ ሆና ብዙ ዓመት ኖራለች። አንዲት ልጅ ስትሞት አስከሬኗን ወደ አገር ለመላክ እንዴት እንደሚያዋጡ ነግራኛለች። እሑድ ዕረፍት ያላት ትሰበስባለች፣ ዕረፍት የሌላት በሌላ ሰው ትልካለች። "የማን ልጅ ናት፣ ከየት ናት አትባባሉም?" አልኳት። "አጎቴ፣ የምንጠይቀው ስንት ጎደለ ብለን ነው" አለችኝ።

እኛ እዚህ የተመቸን ነን መሰለኝ የምንለያየው። አሁን አሁን እድሩም በየቤተ እምነቱ እየሆነ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ደግሞ ፎቁ ላይ ያለውን ጎረቤቱን የሚያውቀው ውኃ ሲፈስበት ነው። በየእምነቱ የሚቋቋመውን አልቃወምም፤ የራሱ ጥቅም አለው። ግን የሰፈሩን ትታችሁ አይሁን። እዚያ ስትገቡ ደግሞ በገንዘብ ብቻ አትግቡ። ቅጣት መክፈል ቀላል ነው፤ ደመወዛችሁ ከእኔ ጡረታ ይበልጣል። የጎደለን ብር አይደለም።

ስብሰባችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በ4 ሰዓት ነው። የምጠራው ስም 112 ነው፤ ባለፈው እሑድ "አለሁ" ያለው 41 ሰው ነው። ጸሐፊያችን ዓይናቸው ደክሟል፣ ቃለ ጉባኤውን የሚጽፍላቸው ልጅ ይፈልጋሉ። ድስቶቹም ታጥበው ታጥበው የአንዳንዶቹ ቀለም ለቋል። ባለፈው ድግስ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ለመለየት ሴቶቹ ተቸግረው ነበር። አንድ ጣሳ አረንጓዴ ቀለምና ሁለት ብሩሽ ገዝቼ መጋዘን አስገብቻለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።